ሣቁ የልጅ፣ ዋሻው የአዋቂ፦ ስለ አስማት ትምህርት ቤቱ ጌም የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ ጌም ወዳዶች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በአስማት ትምህርት ቤት የተመዘገቡ ተማሪዎች ቡድን ሠርተው ወደ ዋሻ ስለሚወርዱባቸው፣ በቀልድና በደማቅ ሥዕል ስለተሞሉ ጌሞች ነው። ዋና ምሳሌ ያደረገው ክላስ ኦቭ ሂሮስን ነው። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ስድብም ሆነ ፌዝ የለበትም። ከሂርማታ እስከ ቂጦ ፉርዲሳ ብዙ ሰው የተቀባበለው ለዚሁ ይመስለኛል። ድምዳሜው ግን ከሥሩ ስቷል፤ ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ ይገባል።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። ሥዕሉና ቀልዱ የሕፃን ስለሆነ ጨዋታውም የሕፃን ነው። መሞትና መትረፍ የዕጣ ጉዳይ ስለሆነ ብልሃት አይጠይቅም። ካርታውን ማሽኑ ራሱ ስለሚስለው አሰሳ የሚባል ነገር የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ኮሪደር ነው። አስማት የሚያስተምር ነገር ለልጆች አይበጅም። በመጨረሻም መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሚንቀራፈፍበት፣ ጌም ቤቱም በኳስ ጨዋታ በተያዘበት ጅማ እንዲህ ያለ ጌም ቦታ የለውም ይላሉ። ከእነዚህ ውስጥ የምቀበላቸውም አሉ፤ ቦታቸው ላይ ስደርስ አልሸሽጋቸውም።

መጀመሪያ የዘር ሐረጉን እንይ፤ ጽሑፉ ይህን መዝለሉ ነው ብዙውን ስህተት ያመጣው። ክላስ ኦቭ ሂሮስ የልጆች ጌም ሠሪዎች ለልጆች ያሰቡት ነገር አይደለም። አያቱ ዊዛርድሪ ነው፤ አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ ሠርተውት ሰርቴክ በ1981 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጣው፣ በጭካኔው እስከ ዛሬ የሚነሣ ጌም። ዊዛርድሪ በጃፓን ሥር ሰደደ፤ በ2005 በፕሌይስቴሽን 2 ትምህርት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዊዛርድሪ ወጣ። ክላስ ኦቭ ሂሮስ በዚያው መንገድ ተከትሎ በ2008 ፒኤስፒ በተባለው የእጅ ጌም ማሽን ወጣ፤ የሠራው ዜሮዲቭ፣ ያሳተመው አኳየር ነው። በ2009 አትለስ በእንግሊዝኛ አቀረበው፤ በ2024 ደግሞ ከሁለተኛው ክፍል ጋር ተጣምሮ ለዛሬ ማሽኖች እንደገና ወጣ። ስድስት ተማሪ፣ 3 ከፊት 3 ከኋላ፣ 10 ዘር፣ ጥሩ ገለልተኛና ክፉ የሚባል የባሕርይ ክፍፍል፣ በካሬ የተከፋፈለ ዋሻ፣ ተራ በተራ የሚደረግ ውጊያ፤ ከዘሮቹ ቁጥር በቀር (በዊዛርድሪ 5 ነበሩ) ይህ ሁሉ የ1981ዱ አጥንት ነው። ትምህርት ቤቱ ሥጋውን ቀይሯል፤ አጥንቱን አልነካውም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ሥዕሉ የልጅ ነው መባሉን አልቃወምም፤ ትላልቅ ዓይኖች፣ የጭራና የክንፍ ዓይነት፣ በየመሐሉ የሚያሾፍ መምህር። ከሥዕል ተነሥቶ ስለ ክብደት መፍረድ ግን አያስኬድም። ጸሐፊው ራሳቸው የመጀመሪያው ዋሻ ውስጥ ቡድናቸው ደጋግሞ እንዳለቀባቸው ጽፈዋል። አንድ ጌም የሕፃን ጨዋታ ነው እየተባለ በዚያው ገጽ ላይ አዋቂውን የሚጨርስ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ መተው አለበት።

ከዚህ ይበልጥ የሚያከራክረኝ ቀልዱና ትምህርት ቤቱ ጌጥ ብቻ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ነው። በዊዛርድሪ መንገድ የተሠራ ጌም ሦስት የሚያስቸግሩ ጥያቄዎች አሉበት። ስድስት ደካማ ሰዎች ለምን አብረው ይወርዳሉ? ለምን ወደዚያው ዋሻ ይመላለሳሉ? የሞተ ሲኖር ለምን አዲስ ሰው በቀላሉ ይገኛል? ትምህርት ቤቱ ሦስቱንም ያለ ብዙ ወሬ ይመልሳል፦ ጀማሪ ተማሪዎች ናቸው፣ የተግባር ፈተና ነው፣ ምዝገባው ክፍት ነው። የሙያ ምርጫውም የዲፓርትመንት ምርጫ ሆኗል፤ ነጥብህ ካልሞላ አትገባም፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ቀልዱም ሥራ አለው። ቡድን ሲያልቅ ፊቱን ያኮሰተረ ጌም ማሽኑን ያዘጋሃል፤ ያ ሁሉ ልፋት ሲጠፋ የሚያሾፍብህ መምህር ግን አንድ ጊዜ ደግሞ እንድትሞክር ያደርግሃል። ጭካኔው የሚዋጠው በሣቁ ነው፤ ሣቁን አንሥቶ ጭካኔውን ብቻ የተወ ሰው ነው ጌሙን የሚያበላሸው።

ሰው ከሁሉ ይልቅ ያጋራው ስለ ዕድል የሚያወራውን አንቀጽ ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ዳይስ ተጥሎ የሚሞትበት ነገር ቁማር እንጂ ጨዋታ አይደለም ይላሉ። ዳይሱ አለ፤ ማንም አይክደውም። ጥያቄው ተጫዋቹ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ምን አደረገ ነው። በዚህ ረገድ የዊዛርድሪ ቁጥሮች ለረጅም ጊዜ ሲመረመሩ ስለኖሩ ምሳሌዬን ከአያቱ እወስዳለሁ።

ሳጥኑን እንውሰድ፤ ከውጊያ በኋላ የሚገኘውን፣ ብዙውን ጊዜ ወጥመድ ያለበትን። ሌባ የሚባለው የቡድኑ አባል ሲመረምረው የወጥመዱን ዓይነት በትክክል የማወቅ ዕድሉ የቅልጥፍና ነጥቡ በ6 ተባዝቶ ነው፤ ጣሪያው 95 በመቶ። ቅልጥፍናው 10 የሆነ ሌባ 60 በመቶ ያገኛል፣ 15 የሆነው 90፣ 16 የሆነው 95። ለምርመራ ከ16 በላይ የተጨመረ ነጥብ ትርፍ የለውም ማለት ነው። ፈዋሹ ደግሞ ካልፎ የሚባል አስማት አለው፤ እሱም 95 በመቶ ትክክል ነው። ሌባው ሲመረምር ሳጥኑ እጁ ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ካልፎ መጀመሪያ፣ ሌባው ቀጥሎ ነው። የሌባው ቅልጥፍና 16 ደርሶ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስም ከሰጡ ሁለቱም የተሳሳቱበት አጋጣሚ ከ400 አንዱን አያህልም። ከተለያዩ ደግሞ ሳጥኑን ትቶ መሄድ ነው፤ ማንም አያስገድድህም። ቁማር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም።

ጸሐፊው «በመጀመሪያው ዋሻ አለቅን» የሚሉት ደግሞ በሒሳብ ሲታይ አያስገርምም። በዊዛርድሪ ገና የተመዘገበ ፈዋሽ ዲዮስ የምትባለውን ፈውስ ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚደግመው። እያንዳንዷ ከ1 እስከ 8 ነጥብ ትመልሳለች፤ አማካይዋ 4 ተኩል ነው። ሁለቱ ተደምረው 9 ነጥብ፣ ማለትም ባጭሩ የአንድ ጀማሪ ተዋጊ ሙሉ ሕይወት። ለስድስት ሰው የተያዘው ስንቅ ይህ ከሆነ፣ በዚህ ስንቅ ሦስትና አራት ውጊያ የሚያደርግ ቡድን ያለቀው በዳይስ አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ደንቡ አንድ ነው፤ ከመግቢያው መወጣጫ ደረጃ ሳትርቅ አንድ ጊዜ ተዋጋ፣ ውጣ።

ከወጡ በኋላም ገንዘብ እንዳያልቅ የታወቀ ዘዴ አለ። በማደሪያው ውስጥ በረቱ ነፃ ነው፤ በረት ያደረ ሰው ቁስሉ አይድንም፣ የአስማት ጉልበቱ ግን ይመለሳል። ስለዚህ ፈዋሹን ብቻ በረት ታሳድረዋለህ፣ ቡድኑን ይዘህ ዋሻው አፍ ላይ ትሰፍራለህ፣ ዲዮሶቹን በቁስለኞቹ ላይ ትጨርሳለህ፣ ትመለሳለህ፣ ደግሞ በረት። ሁሉም እስኪድን አንድ ሳንቲም አትከፍልም። አሰልቺ ነው ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ግን በነፃ ነው፤ የቆጠባችሁት ገንዘብ የመጀመሪያው ጋሻ ይሆናል።

አስማተኛውም ላይ ተመሳሳይ ስህተት ይሠራል። ጀማሪው ሀሊቶ የምትባለውን እሳት ይወዳል፤ አንድ ጠላት ላይ ከ1 እስከ 8 ጉዳት ታደርሳለችና። ካቲኖ ግን በዚያው ዋጋ አንድን መንጋ በሙሉ ልታስተኛ ትችላለች፤ የተኛ ጠላት አይመታም፣ ለመምታትም ይቀላል። አምስት ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ አንዱን ማቃጠልና አራቱን ማስተኛት እኩል ዋጋ ካላቸው፣ ምርጫው ከባድ አይደለም። ጌሙ ይህን አይነግርህም፤ ሞተህ ትማረዋለህ።

ጉዞው ረዘም ሲል የሚጠቅመው የሲሶ ሒሳብ ነው። ሲሶው ለመግቢያ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። ፈዋሹ 6 ፈውስ ካለው ሁለቱን እንደጨረሰ ቡድኑ ፊቱን ያዞራል፤ 9 ካለው ሦስተኛው ላይ። ብዙ ሰው እኩሌታውን ሲጨርስ ነው የሚመለሰው፤ ስህተቱም እዚያ ነው። እኩሌታ የሚሠራው መመለሻው ከመግቢያው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ዋሻ ውስጥ ግን ወደ ታችኛው ፎቅ የሚጥል ጉድጓድ አለ፣ ወደማይታወቅ ቦታ የሚወረውር ካሬ አለ፣ ስትራመድ የሕይወት ነጥብ የሚበላ መርዝ አለ። መርዝን የሚያነጻው ላቱሞፊስ ዘግይቶ የሚመጣ አስማት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከሱቅ የተገዛ ማርከሻ ያልያዘ ቡድን፣ ከደረጃው በራቀ ቁጥር አንድ ሰው እየቀበረ ነው። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ስለ ሞትም እንዲሁ። ጸሐፊው ሞት የመጨረሻ መሆኑን ዋናው የግፍ ማስረጃ አድርገውታል። በዊዛርድሪ ሞት ደረጃ አለው፤ የሞተ ይነሣል፣ ማንሣቱ ካልተሳካ አመድ ይሆናል፣ አመዱን ማንሣት ካልተሳካ ለዘላለም ይጠፋል። ቡድኑ በሙሉ ዋሻ ውስጥ ካለቀ ደግሞ አስከሬኖቹ በወደቁበት ይቆያሉ፤ ሌላ ቡድን ወርዶ ያመጣቸዋል። እዚህ ላይ ነው ያልተዘጋጀው የሚያዝነው። ቡድን ከ6 ሰው አይበልጥም፤ ስለዚህ 6 ሆኖ የወረደ አዳኝ ቡድን አንድም አስከሬን አያመጣም። 3 ሆኖ የወረደ 3 ያመጣል፤ ስድስቱን ለማውጣት ሁለት ጊዜ መውረድ አለበት። ሁለተኛ ቡድን አስቀድሞ ያሳደገ ሰው የመጀመሪያው ሲያልቅ ሥራ አለው፤ ያላሳደገው እንባ አለው።

ለጸሐፊው የምሰጣቸው አለ። የጥንካሬ ደረጃው ገና 1 የሆነ ቡድን ምንም ሳይሳሳት፣ በድንገት ጠላት ደርሶበት፣ በመጀመሪያው ውጊያ ሊያልቅ ይችላል። ይህ ንጹሕ ዕድል ነው፤ ምንም ሒሳብ አያድንም። አንድ የቡድን አባል ሲፈጠር የሚሰጠው የጉርሻ ነጥብም ዕጣ ነው፤ እርግጥ እሱን እስኪበቃህ ድረስ ደጋግመህ ማውጣት ትችላለህ። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰዓት ሕግ የጠቅላላው ጌም ሕግ አይደለም።

ካርታውን በተመለከተ ጽሑፉ ግማሽ እውነት ይዟል። በክላስ ኦቭ ሂሮስ የረገጥከውን ካሬ ማሽኑ ይስልልሃል። በ1981ዱ ዊዛርድሪ ግን ወረቀት ካልያዝክ ጠፍተሃል፤ አትለስ በ2007 ለኔንቲንዶ ዲኤስ ባወጣው ኢትሪያን ኦዲሲ ደግሞ ታችኛው ስክሪን ላይ ግድግዳውን በብዕር የምትስለው አንተ ነህ። ስለዚህ «የዚህ ዓይነት ጌሞች ካርታ ራሱን ይስላል» የሚለው ጥቅል አነጋገር አይይዝም።

በእጅ መሳል የሚፈልግ በጅማ ከየትኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ይበቃዋል። የዊዛርድሪ እያንዳንዱ ፎቅ 20 በ20 ካሬ ነው። የገባህበት መወጣጫ ደረጃ ያለበት ካሬ 0 ምሥራቅ፣ 0 ሰሜን ነው፤ ደብተሩ ላይ የግራ ታችኛው ጥግ። ወደ ቀኝ ምሥራቅ፣ ወደ ላይ ሰሜን እየቆጠርክ ትሄዳለህ። የሚሳሳቱት አብዛኞቹ ሦስት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። አንደኛው ጠርዙ ነው፤ ፎቁ ዙሪያውን ይገናኛል፣ በምሥራቅ ጠርዝ የወጣ በምዕራብ ጠርዝ ይገባል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደብተሩ አልበቃ ብሎት ሌላ ወረቀት ይቀጥላል። ሁለተኛው የሚያዞር ካሬ ነው፤ ስትረግጠው ሳታውቅ ፊትህ ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥዕል በሙሉ ይጣመማል። ሦስተኛው የሚያጓጉዘው ካሬ ነው፤ ምልክቱ አዲስ የሳልከው ኮሪደር ቀድሞ በሳልከው ግድግዳ ላይ ሲወጣ ነው። መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ዱማፒክ የምትባለው አስማት የቆምክበትን ካሬና ያየህበትን አቅጣጫ ትነግርሃለች። አንድም ነገር አልገጥም ሲልህ ላጲስ ከማንሣትህ በፊት ዱማፒክ። ካርታውን በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ የሚስል ሰው ደግሞ ዋሻ ውስጥ መጥፋትን ገና አልቀመሰም።

ለካርታ መጠንቀቅ ትርፍ ሥራ አይደለም። ማሎር የምትባለው ከፍተኛ አስማት ቡድኑን በቁጥር ወደ ሰጠሃት ካሬ ትወስደዋለች፤ ቁጥሩን ስተህ ድፍን ዐለት ውስጥ ካረፍክ ስድስቱም ለዘላለም ጠፉ። አንድ ካሬ የሳተ ደብተር ስንት እንደሚያስከፍል እዚያ ይታያል።

ካርታው በራሱ ሲሳልስ? ማሽኑ የሚስለው ግድግዳን ነው። ከደረጃው እስከዚያ በር ስንት ውጊያ እንደሚያስከፍል፣ የትኛው ኮሪደር ውስጥ መርዘኛ እንደሚበዛ፣ ሲሶው የት ላይ እንደሚያልቅ አይስልም። ይህን የሚያውቀው ተጫዋቹ ነው። ጸሐፊው ሙሉ ካርታ ከኢንተርኔት አውርደው ቡድናቸው ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንዳለቀ ጽፈዋል። ካርታ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ አያልቅም ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔም አላመጣም።

ድግግሞሹ ላይ ብዙ አልከራከርም። የክላስ ኦቭ ሂሮስ ኮሪደሮች አንዱ ከአንዱ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ሲወጣም ብዙ ተቺዎች የነቀፉት በዚህ ነው፤ ትችቱም ተገቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጣም ይንቀራፈፋሉ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ብቻ ቢያተኩሩ ኖሮ ይህን ምላሽ መጻፍም ባላስፈለገ። ነገር ግን «ስለዚህ አንድ ቦታ ቆመህ ደረጃ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለም» ያሉት ስሌቱን ያላየ አባባል ነው። በዊዛርድሪ ተዋጊ ወደ ደረጃ 2 ለመውጣት 1,000 የልምድ ነጥብ ይፈልጋል፤ ለ3 1,724፣ ለ4 2,972፣ ለ5 5,124። እያንዳንዱ ከፊተኛው በ72 በመቶ ግድም ይበልጣል። ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት ጠላቶች የሚሰጡት ልምድ ግን አያድግም። አንድ ቦታ የቆመ ሰው ዋጋው በየጊዜው እየናረ ገቢው ባለበት ይቆማል፤ ጌሙ ራሱ ውረድ እያለው ነው። የሰለቸው ሰው ብዙውን ጊዜ ፈርቶ የቆመ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ዓላማ መያዝ ይጠቅማል፦ አንድ በር መክፈት፣ አንድ ቁሳቁስ ማግኘት፣ የአንድ ኮሪደር ጫፍ ማየት። ተገኘ አልተገኘ ሲሶው ሲደርስ መውጣት ነው።

የአስማቱን ጉዳይ በአጭሩ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በሚሞላበት ከተማ ወላጅ ይህን ቢጠይቅ አያስወቅሰውም። በጌሙ ውስጥ አስማት የሚባለው ስም፣ ዋጋና ውጤት ያለው መስመር ነው፤ ትመርጠዋለህ፣ ነጥብ ይቀንሳል፣ ጠላት ይተኛል። ልጁ የሚማረው የአንዷ ፈውስ አማካይ ስንት እንደሆነ ነው። ይህም ሆኖ ከ10ሩ ዘሮች መካከል መልአክ መሰልና ሰይጣን መሰል ዘሮች እንዳሉ፣ ክፉ ባሕርይ ያለው ተማሪም መፍጠር እንደሚቻል ወላጅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህን በቤቱ የማይፈቅድ ሰው መብቱ ነው፤ አብሮ ተቀምጦ ጥቂት አይቶ ቢወስን ግን ከጽሑፉም ከእኔም ምላሽ ይሻለዋል።

የቀረው የጅማ ጉዳይ ነው። ጌም ቤቶቹን በተመለከተ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። በጨዋታ ሒሳብ የሚከፈልበት፣ ከኋላ ተረኛ የቆመበት ቦታ ለኳስ የተመቸ ነው፤ ቀስ ብሎ ካሬ የሚቆጥር ሰው እዚያ አይወደድም። ሴቭ ያደረግከውም ፋይል ነገ በሌላ ሰው እጅ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ይህ የጌም ቤት ጌም አይደለም፤ የግል ነው።

መብራቱ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ከዝናብና መብረቅ ጋር መብራት ሲሄድ የሚቆመው ቴሌቪዥን ላይ የተሰካው ኮንሶል ነው። ፒኤስፒ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ማሽን ነው፤ የኃይል ቁልፉን አንዴ ገፋ ሲያደርጉት ባለበት ይተኛል፣ ሲነሣ ካቆመበት ካሬ ይቀጥላል። ተራ በተራ የሚዋጉበት ጌም ስለሆነም በውጊያ መሐል ማሽኑን አስቀምጦ በሩን ቢከፍቱ ማንም አይመታዎትም። ኢንተርኔትም ለመጫወት አያስፈልገውም።

ማሽኑ የሌለው፣ የራሱ የጌም ቅጂ ግን ያለው ሰው ፒፒኤስኤስፒፒ በተባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድሮይድ ስልክ ሊያስኬደው ይችላል። ፒኤስፒ ስክሪኑ 480 በ272 ብቻ ስለሆነ ደካማ ስልክም አይጨነቅም፤ የምስል ጥራቱን በመጀመሪያው ልክ፣ ማለትም በ1 ብዜት መተው ባትሪ ይቆጥባል። ጌሙ ሲከፈት ስክሪኑ ከጠቆረ በምስል ቅንብሩ ውስጥ ቩልካንን ወደ ኦፕንጂኤል፣ ወይም በተቃራኒው መቀየር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ብዙ ሰው የሚያጣው ሴቩን ነው። ፕሮግራሙ ባለበት የሚቀርጸው ቅጽበታዊ ሴቭ ፕሮግራሙ ሲታደስ ላይከፈት ይችላል፤ ጌሙ ራሱ የሚያስቀምጠው ሴቭ ግን ይተርፋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት በተመለሱ ቁጥር በጌሙ ውስጥ ሴቭ ማድረግ፣ ከዚያም ፒኤስፒ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ሴቭዳታ አልፎ አልፎ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይበጃል። ቅጽበታዊውን በየውጊያው የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጌሙ ቀለለብኝ ብሎ አያማርር፤ ዳይሱን እስኪያሸንፍ የሚደግመው ራሱ ነው።

መግዛቱ አስቸጋሪ ነው የሚለውንም አልክድም፤ በብር ካርድ የውጭ ዲጂታል ሱቅ ላይ መክፈል ለብዙው ሰው አይሆንም። ገና ሳይገዙ የዚህን ዓይነት ጌም ጠባይ ማየት ለሚፈልጉ ሻተርድ ፒክስል ዳንጀን አለ። ትምህርት ቤት የለበትም፣ ቡድንም የለበትም፤ አንድ ሰው ነው የሚወርደው፣ አስማተኛ መሆን ግን ይቻላል። በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሲወጡ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ መጠኑም ትንሽ ስለሆነ ከጓደኛ ስልክ መቀበል ይቻላል። በየ5 ፎቁ አንድ አለቃ ጭራቅ ይጠብቃል፤ የረሃብ ቆጠራውም አንድ ቦታ መቆም እንደማያዋጣ ቶሎ ያስተምራል።

ቋንቋው ይቀራል፤ ጸሐፊው እንግሊዝኛ ያልቻለ አይጫወተውም ብለዋል። ቀልዱን በተመለከተ እውነት ነው፤ መምህሩ ሲያሾፍ ያልገባው ሰው ከጌሙ ግማሹን ያጣል። ውጊያውን በተመለከተ ግን የሚደጋገሙት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ምታ፣ ተከላከል፣ ሽሽ፣ የአስማቶቹ ስምና ዋጋ፣ መርዝ፣ እንቅልፍ፣ ድንጋይ መሆን። እነዚህን ከካሬ ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ መጻፍ ይበቃል። ሁለት ሆነው የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ እንግሊዝኛው የሚሻለው ማሽኑን ይያዝ፣ ሌላው እርሳሱንና የሲሶውን ቆጠራ ይያዝ፤ «ይበቃል፣ እንውጣ» የማለት ሥልጣንም ለእርሳስ ያዡ ይሰጠው፤ ማሽኑን የያዘ ሰው ሁልጊዜ አንድ በር ብቻ ይላልና።